የጭራቅ ልጅ ዋጋ

ኢዩ ጭራቅ መሆን ያማረው እናቱ ወይዘሮ በላይነሽ ካረፉ በኋላ ነው። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ አትደንግጡ። አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከሱሃይላ አባት የፍራሽ መደብር ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት ሦስት ጓደኛሞች ጥቅል ስፖንጅ ላይ ተቀምጠው፣ ዳይስ እየወረወሩ በምናብ አገር ይዘምታሉ። ሱሃይላ አጫዋች ናት፤ ጠላቱንም፣ ዝናቡንም፣ ሞቱንም የምታመጣው እሷ ናት። ኢዩና ጃዕፈር ደግሞ የየራሳቸውን ጀግና ይጫወታሉ። የሱሃይላ እናት ወይዘሮ ሳፊያ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ መጀመሪያ ያዩ ቀን "ቤቴን ቁማር ቤት አደረጋችሁት?" ብለው ነበር፤ ዛሬ ለውዝ ያቀርባሉ።

ኢዩ እስካሁን የተጫወተው ፈዋሽ መነኩሴን ነው። መነኩሴው እጁን ጭኖ ቁስል ይዘጋል፣ የወደቀ ያነሣል። ከቀብሩ በኋላ ኢዩ መጀመሪያ በመጣበት እሁድ የጃዕፈር ጀግና ቆሰለና ሁለቱም ዞረው አዩት።

"ከእንግዲህ ማንንም አላድንም" አለ ኢዩ፣ ሰዓት የተጠየቀ ሰው በሚመልስበት ድምፅ።

ሱሃይላ ሌላ ጀግና ይዞ እንዲመጣ ፈቀደችለት። ራሱ የፈጠረው ከሆነ ግን ሚዛን ሊኖረው፣ ለብልጫውም በድክመት ዋጋ ሊከፍል ይገባል፤ ብቻውን ሁሉን የሚያሸንፍ ከሆነ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። ካልሆነለት ወይ ወደ መነኩሴው ይመለሳል፣ ወይ ይቀራል። መነኩሴው የማይታሰብ ነው። መቅረቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ኢዩ ከሥራው ሌላ የሚሄድበት ቦታ ያ መጋዘን ብቻ ነበርና።

አላለቀሰም። በቀብሩ ዕለት ከእድሩ ሰዎች ጋር ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ከሁሩታ የመጡትን ዘመዶች አስተናግዶ፣ "ጎበዝ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው" ተብሎ ተመሰገነ። ምኑን ጎበዘ፣ ምንም ስላልተሰማው እንጂ። የሚበላው አይጣፍጠውም፣ አይመረውም። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላል፤ መዋሸቱም አይታወቀውም።

ጃዕፈር ለቅሶ አለመድረሱ እንኳ አላስቀየመውም። ጃዕፈር የሻሸመኔ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በቀብሩ ቀን መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ዛሬ ነገ ሲል ቆየ፤ በቆየ ቁጥር አፈረ፤ ባፈረ ቁጥር ጭራሽ የወይዘሮ በላይነሽን ስም ማንሣት ተወ። ኢዩ በበኩሉ እፎይ ብሏል። ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ደራሽ ደጃፍ ላይ ሲያለቅስ፣ ሐዘንተኛውም አብሮት እንደ አዲስ ማልቀስ አለበት። እሱ ደግሞ እንባውን ከየት ያመጣዋል?

አዲሱን ጀግና "የጭራቅ ልጅ" አለው፤ ጭራቅ በሕፃንነቱ ሰርቆ ያሳደገው ጦረኛ። በመጀመሪያው ረቂቅ የሚያርፍበት ምት ሁሉ በግማሽ ይቀንስለታል፣ ጠላቱን በነከሰ ቁጥር ሕይወት ይጨምራል፣ ሕመም የሚባል ነገር አያውቅም።

"ይሄ ሰውዬ አይሞትም እኮ!" አለች ሱሃይላ። "እኛ ምን እንሥራ? እናጨብጭብለት?"

ንክሻውን ሰረዘ። የምቱን ቅነሳም ሰረዘ። የገባበት መንደር ሁሉ ይጠላዋል የሚል ዋጋም ጨመረበት።

"መጠላት ደግሞ ዋጋ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ ጃዕፈር። "እኔን የማይጠላኝ ኬላ የለም፤ ይኸው እነዳለሁ።"

"ሕመም አለመሰማቱን አውጣው" አለች ሱሃይላ። "ሚዛኑን የደፋው እሱ ነው።"

"እሱን አላወጣም።"

"እንግዲያው የሚመጥነው ዋጋ ፈልግለት። የፊታችን እሁድ ካላመጣህ ግን ወይ መነኩሴው ወይ ቻው።"

ኢዩ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ ቲዎሪ ያስተምራል። በዚያው ሳምንት የማሠልጠኛው አሮጌ መኪና ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተሩ ተቃጠለ። ለካስ አንድ ብልጥ፣ የሙቀት መለኪያው ቀይ እያሳየ ተማሪ ያስደነግጣል ብሎ ሽቦውን ነቅሎት ኖሯል።

"መምህር፣ ግን እኮ ምንም አያሳይም ነበር" አለች ስትነዳው የነበረችው ተማሪ።

"ስላላሳየ አልጋለም ማለት አይደለም" አለ ኢዩ። ይህን ብሎ ማርከሩን እንደያዘ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ዋጋውን አገኘው። ደስ ግን አላለውም።

እሁድ ጃዕፈር "አካም!" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ ገብቶ እንደተቀመጠ፣ ኢዩ አዲሱን ሕግ አስረዳ። ሌላው ጀግና ሲቆስል ክንዱ ይዝላል፤ የጭራቅ ልጅ ግን እስከ መጨረሻዋ የሕይወት ነጥብ በሙሉ ኃይሉ ይመታል። ሆኖም ሕመም ስለማይሰማው ስንት ነጥብ እንደቀረው አያውቅም። ቁጥሩን በስውር የምትይዘው አጫዋቿ ናት። የሚነገረው፣ አጠገቡ ያለ ጓደኛ የራሱን ተራ አቃጥሎ ቁስሉን ካየለት ብቻ ነው።

ሱሃይላ ለውዟን እየፈለፈለች አሰበችበት። "ይሄ ዋጋ ነው። እንሞክረው" አለችና አንድ የተራበ ዘንዶ ለቀቀችባቸው።

ኢዩ መታ፤ ተመታ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ተመታ። ሱሃይላ ወረቀቷን በእጇ ሸፍና ትጽፋለች።

"ስንት ቀረው?" አለ ጃዕፈር።

"አይነገርም።"

"ደህና ነኝ" አለ ኢዩ። "ተራህን አታቃጥል። አሁን ብትመታው ይወድቃል።"

ጃዕፈር ዳይሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። "አልመታም። አየዋለሁ።"

"ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!"

"ይቃጠል፤ ተራው የኔ ነው።"

ሱሃይላ ወረቀቱን ለእሱ ብቻ አዞረችለት። የጃዕፈር ፈገግታ ጠፋ። ጨዋታ መሆኑ፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር መሆኑ አልጠፋውም። ቀና ሲል ግን ያየው ኢዩን ነበር፦ ጉንጩ ገብቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶበታል፣ ከቀብሩ ወዲህ ፀጉሩን የነካው ያለ አይመስልም። ይህ ሁሉ እሁድ እሁድ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር።

"አንድ ናት የቀረችህ" አለ። "ኢዩ፣ እየደማህ ነው እኮ የቆየኸው።"

ኢዩ "እሺ" ሊል አፉን ከፈተ። ጃዕፈር ግን ከስፖንጁ ተነሣ፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"ለቅሶ አልደረስኩህም" አለ። "የእትዬ በላይነሽን እንጀራ በልቼ፣ ለቅሷቸውን አልደረስኩም። አፍሬ ነው። አላህ ያጽናህ ወንድሜ።"

ከዚያ ያ ግዙፍ ሹፌር በፍራሾቹ መካከል ቆሞ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ወይዘሮ ሳፊያ ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ኢዩ እንባ አልመጣለትም። ግን ደረቱ ላይ አንድ ቦታ አመመው። ትንሽ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብ የማይለው። እጁን አስደገፈበት፤ ሕመሙ ግን አልተወውም።

"ጃዕፈር" አለ።

"እ?"

"ደህና አይደለሁም።"

ተራው የዘንዶው ነበር። ሱሃይላ ዳይሱን አልወረወረችም።