ሲም ካርድ ከቁስቋም

ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቁስቋም ሲወጣ፣ መቅደላዊት ላፕቶፗን በጀርባዋ አዝላ ሕዝቡን እየጣሰች ቁልቁል ትወርዳለች። እናቷ ወይዘሮ እንኳየሁ ከኋላ ደርሰው ክንዷን ያዟት።

"ምነው ልጄ? አባትሽ ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ አንቺ በቁስቋም ዕለት ለጨዋታ?"

"አስቀድሻለሁ፣ እማዬ። ዛሬ ግማሽ ፍጻሜ ነው።"

"እዚሁ ቤትሽ አትጫወቺም?"

"ይሄ ሁሉ ሰው ታቦቱን በስልኩ እየቀረጸ ሲልክ ለእኔ ኔትዎርክ የሚተርፍ ይመስልሻል?"

እውነቷን ነው። በአባቷ በመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት የገመድ ኢንተርኔት የለም። መቅደላዊት በቡድን የምትጫወተውን የተኩስ ጨዋታ የምትጫወተው በስልኳ ዳታ ነው፤ ስልኳ ደግሞ ጥሪ ሲገባ ዳታውን ቀጥ ያደርጋል። ባለፈው ዙር አክስቷ እታገኘሁ ከሳንጃ ለሰላምታ ደወሉና እሷ ጨዋታው ውስጥ እንደ ግንድ ተገትራ ተገደለች። አዲስ አበባ ያለው የቡድኑ አለቃ ልዑልቃል፣ "ባለ ሲም ካርዷ፣ ደግመሽ ከተቋረጥሽ ቦታሽን ፊልጶስ ይይዘዋል" አላት። ከቡድኑ አነጣጥሮ በመተኮስ የሚደርስባት አልነበረም፤ ስድቡ እስካሁን ያንገበግባታል።

"ዘመድ ሁሉ እንኳን አደረሰሽ ሊል ይደውላል" አለች። "ስለዚህ ጥሪዬን በሙሉ ወደ አንቺ ስልክ አዙሬዋለሁ።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?"

ወይዘሮ እንኳየሁ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የሳንጃዋ እታገኘሁ ናቸው። መቅደላዊት ሮጠች።

ፒያሳ የጓደኛዋ የይመኙሽ ልብስ ስፌት ቤት ለበዓሉ ተዘግቷል። በተዋሰችው ቁልፍ ገባች፤ ላፕቶፑን ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ስልኳን መስኮቱ ላይ አደረገች። ከተማው ባዶ፣ ኔትዎርኩ የእሷ ብቻ ሆነ። የቡድን ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደቁ። እሷ ቀረች። የቀሩትን ሁለት ባላጋራዎች አከታትላ ጣለቻቸውና ብቻዋን እልል አለች።

የልዑልቃል ድምፅ በማዳመጫው መጣ። "ጎበዝ! ለፍጻሜው ግን ፊልጶስን ላስገባው። እሱ የፋይበር ኢንተርኔት አለው።"

"ዛሬ ተቋረጥኩ?" አለችው።

"አልተቋረጥሽም። ግን በሲም ካርድ ፍጻሜ መግባት ያሰጋል።"

"ስጋቱ የራስህ ነው። እኔ አልወጣም።"

ስትመለስ ሕዝቡ ተበታትኗል። ወይዘሮ እንኳየሁ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ያሻሉ።

"አቃጠለኝ እኮ! ያልደወለ ዘመድ የለም።"

"የት ናት ሲሉሽ ምን አልሻቸው?"

"ምን እላለሁ? ሥራ ላይ ናት አልኳቸው።" ጆሯቸውን ማሸት ትተው፣ "አሸነፍሽ?"

"አሸነፍኩ። ግን የእኔ ስልክ አያስተማምንም ብለው ሊያስወጡኝ ነው።"

"ማን ነው የሚያስወጣሽ?" አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። "እስከ ፍጻሜው ጥሪው እኔ ዘንድ ይቆይ። እኔ እመልሳለሁ።"

መቅደላዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። ጨዋታውን ከፍታ የቆየውን የተጫዋችነት ስሟን አጠፋችና ቡድኑ ሁሉ እንዲያየው በቦታው "ሲም ካርድ ከቁስቋም" ብላ ጻፈች።