የጥፍር ምልክት

ተረፈ የአውራ ጣቱን ጥፍር ሙጫው ላይ ጫነ። ጥፍሩ ገባ።

ሙጫው ትናንት ጠዋት ሁለቱን ቲዩብ ጨምቆ ሲያዋህድ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ የተረፈው ነው፤ ቢበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። እስካሁን ድንጋይ መሆን ነበረበት። ጥፍሩን ሲያነሳ ምልክቱ እዚያው ቀረ። ሌላ ቦታ ሞከረ፣ ያው ነው። በሦስተኛው ሙጫው ጥፍሩን ይዞ ትንሽ ተለጠጠና ለቀቀው። «ወይ እኔ!» አለ ለራሱ። ቀና ሲል የሚስቱ ወንድም አልአዛር መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ሆኖ ንፋስ ያነሳውን ክዳን በሚስማር ይመታል። አልአዛር እጁን አውለበለበለት። ተረፈም አውለበለበና ቁራጭ ቆርቆሮዋን ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ፊቱ ባለው የቡና ማስጫ አልጋ ላይ ሦስት የጎልፍ ዱላዎች ተጋድመዋል። ከሸኮ በላይ ባለ የቡና እርሻ ጎልፍ ምን ይሠራል የሚል ሰው ካለ፣ የእርሻውን ባለቤት አቶ ይትባረክን አያውቃቸውም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ገዢዎች ይዝናኑበት ብለው ከችግኝ ጣቢያው በታች ያለውን ሜዳ ሣር አስተከሉበት። ዱላዎቹም ጫፉ ላይ ኳስ የሚመታው ብረት ለብቻ፣ ዘንጉ ለብቻ ሆነው በካርቶን መጡ። «ይህን የሚያጣብቅልኝ እጀ ወርቅ ማነው?» ሲሉ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሞ «እኔ አለሁ» ያለው ተረፈ ነው። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልለመነውም።

ያለው ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። የቡና ማድረቂያው ጣቢያ ኃላፊ ቦታ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ቦታውም ከነቤቱ ነው፤ ከበሩ ፊት ብርቱካን ያለባት የግንብ ቤት። የተረፈ ሚስት ራሔል መስኮቶቿን በስንዝር ለክታ የመጋረጃውን ጨርቅ ከአማን ከተማ መርጣ ተመልሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሠራተኛ መንደር ጭቃ ቤት ለኖረች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀድሞው ኃላፊ ዓባይነህ የሄደው በአንዲት ቃል ነው። ያልደረቀ ቡና «ደርቋል» ብሎ አስገባ፤ ቡናው መጋዘን ውስጥ ሻገተ። አቶ ይትባረክ አልጮሁም። ሠራተኛውን ሰበሰቡና ዓባይነህን መሐል አቁመው የሻገተውን ፍሬ በእፍኝ በእፍኝ አስቆረጠሙት። አስመለሰው፣ ውሃ ሰጡት፣ እንደገና አስቆረጠሙት። ሲመሽ ፍራሹን ተሸክሞ ከበሩ ወጣ። ጆንያውን ይዞ ያስዘገነው ተረፈ ነበር።

ባየ የሚባል መካኒክም ነበር። የጭነት መኪና ፍሬን ጠግኖ «ጨርሻለሁ» ባለ ጊዜ አቶ ይትባረክ ቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ መሐል አቆሙትና የተጫነውን መኪና ራሳቸው እየነዱ ወረዱበት። «ሥራህን ካመንክ ምን ያስፈራሃል?» ነው ያሉት። ፍሬኑ ያዘ። ባየ ግን ሱሪው ርሶ ነበር፤ በማግስቱ መፍቻዎቹን እንኳ ሳይሰበስብ ጠፋ።

የሙጫው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የአማኑ መለዋወጫ ሻጭ በግልጽ ነግሮታል፦ እኩል በእኩል አዋህድ፣ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ ከዚያ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አትንካው። ተረፈ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲያደርቅ የኖረ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ድምፁን ሰምቶ «ሁለት ቀን ይቀረዋል» የሚል ሰው ነው፤ ስለ መድረቅ ከሱቅ ሻጭ ሊማር ነው? ሁለተኛው ቲዩብ ማድረቂያ ከሆነ፣ ሲበዛ ቶሎ ያደርቃል ብሎ እጥፍ ጨመረበት። ዝናቡም ሳምንቱን ሙሉ አላባራም ነበርና ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ዱላዎቹን እያሰጣ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እንደ ቡና እያገላበጠ፣ ደመና ሲመጣ ሸራ እያለበሰ ዋለ። ያ ዓይነት ሙጫ ግን አይደርቅም። ሁለቱ በልካቸው ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት፤ ልኩ ከጠፋ ዓመት ቢጠብቁትም አይጠነክርም። ይህን ተረፈ ዛሬ ጠዋት በጥፍሩ አወቀ።

እነግራቸዋለሁ ብሎ ነው ወደ ቢሮው የሄደው። እውነቱን ነው፤ በመንገዱ ላይ ቃላቱን ሁሉ አሰናድቶ ነበር። «ልኩን ተሳስቻለሁ፣ ይፈታና እንደገና ይሠራ።» ይኸው ነው፣ ከዚህ አይበልጥም።

አቶ ይትባረክ በረንዳው ላይ ከሦስት እንግዶች ጋር ቁርስ ይበላሉ። ሳህናቸው አጠገብ ማኅተም ያረፈበት የሹመት ደብዳቤ ተዘርግቷል። ተረፈ ከሩቅ የራሱን ስም አነበበ።

«መጣ ሰውዬው!» አሉ አቶ ይትባረክ። «እህስ፣ ደረቀ?»

ተረፈ ደብዳቤውን አየ። ዓባይነህ ታየው፤ የዓባይነህ አገጭ ላይ የተንጠለጠለው ለሃጭ ታየው።

«ደርቋል ጋሼ» አለ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል። አቶ ይትባረክ የመጀመሪያውን ዱላ ከተረፈ እጅ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ፈገግ አሉ። ኳስ አላስቀመጡም። ጫማቸውን ሣሩ ላይ እያመቻቹ ወደ ፊታቸው በአገጫቸው ጠቆሙ፤ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«እንግዲህ ልማዴን ታውቃለህ። አንተ ወይም የአንተ የሆነ ሰው እዚያ ጋ ይቁም። በየዱላው አንድ አንድ ጊዜ ባዶ እመታለሁ፤ ሦስት ብቻ።»

አንደኛው እንግዳ «ተው እንጂ ይትባረክ!» አለና ሳቀ። ስልኩንም አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ተረፈ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። አፉን ከፈተ፤ መክፈቱንስ ከፍቷል። ግን ምን ሊል እንደነበረ እሱም አላወቀም፤ ምክንያቱም አልአዛር መዶሻውን አጠገቡ ለቆመው ሰው አቀብሎ ከሰልፉ ወጥቶ ነበር።

«እኔ እቆማለሁ» አለ አልአዛር እየሳቀ። «ጋሼ ተረፈ የሠራው አይደል? እሱ ዱላውን ያቀብል።»

ሄዶ ቆመ። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው፣ በቸርች መዘምራን ውስጥ ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚሰማ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። አሁን ነው፣ አለ ተረፈ በልቡ፤ አሁን ካልተናገርኩ መቼ ነው? አንዲት ቃል ናት። «ገና ነው» ማለት ብቻ ነው። ምላሱ ግን አፉ ውስጥ እንደ ሰው ዕቃ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ዱላ አየሩን ቀደደው። ብረቱ ቦታው ላይ ነው። ሁለተኛውም ያዘ። ሦስተኛውን ሲያቀብል ቶሎ ስላልለቀቀው አቶ ይትባረክ ዓይኑን ቀና ብለው አዩት፣ አንድ አፍታ ረዘም አድርገው አዩት፣ ከዚያ ከፊተኞቹ ሁሉ አብልጠው መቱ። ተረፈ ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው ጭብጨባ ነው።

ዱላውን መልሶ ሲቀበል ብረቱ ከመስመሩ የጥፍር ያህል ዞሮ ነበር። ከእሱ በቀር ያየ የለም። በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ መለሰው። በዚያች ሰዓት ተረፈን ደስ አለው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። መጀመሪያ ትዝ ያለው ደግሞ ደብዳቤው ነው። አልአዛር በሕይወት መኖሩ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም እኮ!» አሉ አቶ ይትባረክ ደብዳቤውን ለተረፈ እየሰጡ። «ልጁን ወድጄዋለሁ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ዋናዎቹ ገዢዎች በቴፒ በኩል ይገባሉ፤ በእነሱም ፊት ይቆማል። ነገ በኳስ ነው፣ እስኪበቃን ድረስ ነው የምንመታው።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተረፈ መጋዘን ውስጥ ብቻውን ነበር። ሦስተኛውን ዱላ ጉልበቱ መሐል አስገብቶ ብረቱን በጨርቅ ጠመዘዘው። ኃይል እንኳ አልጠየቀውም፤ እየተንሸራተተ ወጣ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሙጫው እንደ ማር ያብለጨልጫል። እንደገና ቢሠራውስ? ሙጫው አልቋል፤ አማን ወርዶ ቢያመጣ እንኳ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። የቀረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ እሱም ሄዶ መናገር ነው። ጠዋት ደብዳቤ ሳይዝ ያቃተው፣ አሁን ደብዳቤውን ይዞ እንዴት አድርጎ ይሆንለታል? ብረቱን መልሶ ዘንጉ ላይ ሰካውና ከግድግዳው አስደገፈው።

አልአዛር ሲገባ አልሰማውም።

«እስቲ እኔም ልያዛት» አለ አልአዛር። «የቆምኩላትን ዱላ።»

ተረፈ «ተወው» ሊል ፈለገ፤ ተወው ማለት ግን ለምን የሚል ጥያቄ ያመጣል። አልአዛር ዱላውን አንስቶ እንደ አቶ ይትባረክ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ እየሳቀ። ብረቱን በግራ እጁ ሲይዘው በእጁ ውስጥ ዞረ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ሳብ አደረገው። ወጣ። በጣቱ ነካ አድርጎ ሙጫውን አየው።

ከዚያ በቤታቸው ቋንቋ በቤንችኛ ተናገረ፤ ሰው ፊት ሲሆኑ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት።

«ጠዋት ጣሪያው ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ። ጥፍርህን ሙጫው ላይ ስትጭን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጋሼ ተረፈ ፈትሾታል አልኩ። ካልፈተሸው አያስቆመኝም አልኩ። ዓይኔን ያላርገበገብኩት ለዚህ ነው።»

ተረፈ ወለሉን አየ።

«ጥፍርህ ምን ነገረህ?»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፤ አልአዛር ራሱ ጠዋት የመታውን ክዳን። አልአዛር ብረቱን መልሶ ዘንጉ ላይ አስገባው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን አስተካከለ፣ ከተረፈ የተሻለ አድርጎ አስተካከለ፣ ዱላውንም ከሁለቱ ጋር ጎን ለጎን አቆመው። ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

«ነገ ሁለት ሰዓት ነው ያሉት፣ አይደል?»

«ሁለት ሰዓት» አለ ተረፈ።

አልአዛር ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በሩ ላይ ከራሔል ጋር ተገጣጠሙ፤ ተረፈ ድምፃቸውን ይሰማል። ራሔል የመጋረጃውን ጨርቅ ሳትገዛ መመለሷን እያነሳች ትቆጫለች፣ ነገ ጠዋት አማን እወርዳለሁ ትላለች።

«እንኳን ደስ አለሽ እህቴ» አላት አልአዛር። ድምፁ ደህና ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ነው። «ነገ ግን አትውረጂ። ሜዳው ላይ ነይና ከባልሽ ጎን ቆመሽ እዪኝ።»

«እመጣለሁ» አለች ራሔል።

ተረፈ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ቁራጭ ቆርቆሮዋ ቀኑን ሙሉ ገላው ላይ ሆና ሞቃለች። ሳያወጣት ጥፍሩን ጫነባት፤ ገባ።