ስማቸው የታጠፈባቸው ልጆች

የአንድ ሳምንቱ ዕረፍት አልቆ መምህርት ቡ ዋርሲኒ የሥዕል ክፍሏን ስትከፍት ግድግዳው ላይ የቀሩት ሚስማሮች ብቻ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ተማሪዎቿ ዓመቱን ሙሉ በቀለጠ ሰም የሣሉት፣ ደጋግመው ቀለም ውስጥ የነከሩት ትልቁ የባቲክ ጨርቅ የለም።

እየተጣደፈች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። በዚያ አገር ሴቷ በአክብሮት «ቡ»፣ ወንዱ «ፓክ» ተብሎ ይጠራል።

«ፓክ ሱገንግ፣ የልጆቹ ጨርቅ የት ሄደ?»

ፓክ ሱገንግ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። «ምነው ቡ፣ እንዴት አደሩ እንኳ የለም? ዕረፍቱ ሳይገባ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ መጥተው አዩት፤ ወደዱት። አሮጌ ባቲክ ይሰበስባሉ። ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።»

«ልጆቹን ሳይጠይቁ?»

«የትምህርት ቤቱ ንብረት አይደል እንዴ!»

ዋርሲኒ ደሟ ፈላ። ባለፈው ወር የሥዕልን ክፍለ ጊዜ ሰርዘው ለሒሳብ ማጠናከሪያ የሰጡት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ልጆቹን ባንዲራው ሥር አሰልፈው፣ «ሰም በማንጠባጠብ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለው አስቀዋቸዋል። ያልሳቀችው ላራስ ብቻ ነበረች፤ የጨው አምራቹ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትል፣ እጇ ግን ሰም ሲይዝ የሚናገርላት።

«ለልጆቹ ሲሆን ጊዜ ማባከኛ፣ ለአለቃ ሲሆን እጅ መንሻ!» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ከትምህርት በኋላ ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ኃላፊው ቤት ሄደች። ፓክ ሃርታዋን በወጉ ተቀብለው ሳሎን አስገቧት። ግድግዳው መስታወት ውስጥ በገቡ አሮጌ ጨርቆች ተሞልቷል። የልጆቹ ባቲክ መሃላቸው ተሰቅሎ፣ ከሥሩ «ሠሪው ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

«ይህን የመሰለ ቀይ ዛሬ ማን ያወጣዋል?» አሉ በኩራት። «የድሮ ሰው እጅ ነው!»

«የታችኛው ጠርዙስ የት ገባ?»

«ጽሑፍ ነገር ነበረበት። መልኩን ስላበላሸው ክፈፍ ሠሪው አጠፈው።»

«ያጠፈው የሠላሳ አንድ ልጆች ስም ነው፣ ፓክ። ትልቁ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው።»

ፓክ ሃርታዋን ፊታቸው ተለዋወጠ። ጨርቁን ዞር ብለው አዩት፤ ቅድም ያዩት አይመስልም። «የልጆች ሥራ? እኔ እኮ ትልቅ ዕቃ መስሎኝ! እንግዲያው ይውሰዱት።»

ዋርሲኒ ልታመሰግን አፏን ከፈተችና ተወችው። ቢከለክሏት ይሻላት ነበር።

«ከቅድም ወዲህ ከዚህ ጨርቅ የተነቃነቀ ክር አለ?» አለቻቸው።

እሳቸውም ሠራተኛቸውን ጠርተው ክፈፉን አስፈቱ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስባ ጨርቁን ዘረጋችላቸው። የሆነውንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«እንግዲህ የእናንተ ነው። ምን ይሁን?»

 ላራስ፣ «እንካፈለዋ» አለች። «ከሰቀልነው እንደገና ይወስዱታል።»

ዋርሲኒ ሠላሳ አንድ ቦታ ቆረጠችው። አንዱ ቁራጭ የሩዝ መሸፈኛ ሆነ፤ አንዱን አንዲት አያት ሻሽ አደረጉት፤ የላራስ አባት ጨው ሊሰበስብ ሲወርድ ምሳውን ይቋጥርበት ጀመር።

ፓክ ሱገንግ ይህን ሲሰሙ እየከነፉ መጡ። «ቡ፣ አብደዋል እንዴ? ቅርስ ይቆረጣል?»

«ቅርስ?» አለች። «አምና አይደል፣ ባለፈው ወር ነው እኮ የሚንጠባጠብ ሰም ያሉት!»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉባት። የሥዕል ክፍለ ጊዜውም አልተመለሰም፤ ክፍሏ ውስጥ ዛሬም ሒሳብ ይሰጣል። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን በሰም ልታስሥል ቤቷ በረንዳ ላይ ምድጃ ታነዳለች። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ልጆች መጡ፤ በሁለተኛው ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ተከትለው መጥተው፣ «ለእኛስ የሰም ብዕር የለም?» አሉ። ንዴቷ ግን አልበረደላትም። ሰሙን እያቀለጠች እንኳ ለብቻዋ ታጉረመርማለች፤ ልጆቹም ለምደውታል፣ አይጠይቋትም።