የጋሽ ሜትሩ ሁለት ሴንቲሜትር

ማሰሮዋ ሁለት ሴንቲሜትር አጠረች። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የሙዚየሙ መዝጋቢ ደግማ ለካቻት፤ ያው ሠላሳ ሁለት። ካርዱ ላይ ግን በጋሽ ሜትሩ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «ቁመት 34» ይላል። ከበላይ መሥሪያ ቤት ለቆጠራ የመጡት ተቆጣጣሪ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማሰሮ በእርጅና አታጥርም» አሉ። «ተቀይራለች ማለት ነው።»

ተቀይራለች ማለት ተሰርቃለች ማለት ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የያዙት ጋሽ ሜትሩ ናቸው፤ ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። መዝጋቢዋን ሥራ ያስተማሯት፣ «ዕቃ ያለ ካርድ ወሬ ነው» እያሉ ጆሮዋን ያደነቆሯት እሳቸው ናቸው። ሲያልቅ አያምር ማለት ይሄ ነው።

«እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

የዕቃ ቤቱን ዕቃ ከዳር መለካት ተያያዘች። ከበሮው በሁለት አጠረ። ወንበሩም በሁለት። ስምንት ሰው የማያነቃንቀው የድንጋይ ገንዳ ሳይቀር በሁለት አጠረ። ይህን ማን ሰርቆ በምን ይተካዋል? ብቻዋን ሳቀች።

«ጋሼ፣ እስቲ ሜትርዎን ያሳዩኝ።»

ጋሽ ሜትሩ ከኮታቸው ኪስ የነተበ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። ጫፉ የሚጀምረው ከሁለት ነው።

አገጫቸውን አሻሹ። «ባለቤቴ ናት የሰጠችኝ፤ ልብስ ሰፊ አይደለች? ጫፉ ሲተለተልባት ቆረጠችው። ‹ከሁለት ነው የሚጀምረው፣ ልብ በል› ብላኝ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ሠላሳ ዓመት ሆነው እኮ ልጄ።»

በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ አርባ ዕቃ በራሳቸው እጅ ለኩ፤ አርባውም በሁለት አጠረ። «እንዲህ ዝንፍ ሳይል የሚሳሳት ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው፣ ዕቃው አንድም ሳይጎድል መገኘቱን ፈርመው ሄዱ።

በሙያው ደንብ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍና ይፈረምበታል። ጋሽ ሜትሩ የቀሯቸውን ቀናት ሲሰርዙና ሲፈርሙ፣ በመሃል በመሃሉም በራሳቸው ሲስቁ ዋሉ።

ዓርብ መዝጋቢዋ አዲስ ካርድ አቀረበችላቸው። ያ ሜትር ከሌለ የሠላሳ ዓመት ካርድ ትርጉም ስለማይኖረው የሙዚየሙ ዕቃ ሆኗል። በአዲሱ የብረት ሜትር ለኩት፤ 148። «ጉድለት» ከሚለው መስመር ሲደርሱ ጥቂት አሰቡና ጻፉ፦

«የፊቱ ሁለት ሴንቲሜትር የለም። ባለቤቴ ነግራኝ ነበር።»

ፈረሙበት።