በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የምትጠፋ ሞተር

ወረቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ተጽፎ አልቋል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር።

«አዲሷ ሞተር ሳይክል በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ መንገድ ላይ የቆመችው ከመጋዘን በሚቀዳላት፣ ውኃ በተቀላቀለበት ቤንዚን ምክንያት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ከስሜ ጎን ባዶ መስመር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚሁ እንገናኝ» አለችኝ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «እሳቸውም ይመጣሉ። እፊታቸው ትፈርማለህ፤ በዚያው ይሰናበታሉ።»

«እሺ» አልኩ። ከአፌ ቶሎ የሚወጣልኝ ቃል እሱ ነው።

እሳቸው የምትላቸው ንብረት ያዡን ነው። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ከመጋዘኑ በርሜል በየጠዋቱ ቤንዚን የሚቀዱልኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ እየሸጡ በምትኩ ውኃ ይጨምሩበታል ተብለው ተጠረጠሩ። በሌብነት ከተባረሩ ደግሞ ጡረታቸውም አብሮ ይቀራል።

ሥራዬ ናሙና ማመላለስ ነው። ከስድስት ክሊኒኮች የተቀዳ ደም በበረዶ ሳጥን አድርጌ ወደ ላቦራቶሪው አመጣለሁ። አዲሷ ሞተር የተገዛችው ለዚሁ ነበር። ጠዋት በአንድ እርግጫ ትነሳለች፤ እንደ ንብ እያንጎራጎረች ትሄዳለች፤ ረዥም መንገድ የያዝን ቀን ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ትስልና ጸጥ ትላለች። ብረግጣት፣ ብገፋት፣ ብለምናት አትነሳም። ሩብ ሰዓት ካረፈች ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። በዚህ መሃል በረዶው ይቀልጣል። ሁለት ሳጥን ደም ተበላሽቶ፣ የሕፃን ልጅ ክንድ ሳይቀር እንደገና ተወግቷል።

መካኒኩ ሦስት ጊዜ አይቷታል። ካንዴላዋን ፈቶ ጠረገ፣ ካርቡራቶሯን አጠበ፣ ራሱ እየነዳ ከተማውን ዞረባት። አልጠፋችም። በሦስተኛው ቀን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና «ስማ፣ ይቺ ሞተር ከእኔም ከአንተም ይልቅ ጤነኛ ናት። ወይ አንተን አልወደደችህም፣ ወይ ቤንዚናችሁ ውስጥ ውኃ ይኖር ይሆናል» አለኝ።

ኃላፊዋ ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት። «ውኃ ሊሆን ይችላል ብሏል» ነው ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እኔ «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ወረቀቱ ላይ ሲደርስ «አረጋግጣለሁ» ሆነ። ላስተካክል አስቤ አፌን ከፍቼ ነበር። ስልኳ ጮኸ፤ እኔም ወጣሁ።

አልዋሽም፣ ንብረት ያዡን አልወዳቸውም ነበር። በየጠዋቱ ቤንዚን ሲቀዱልኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሙሽራው! ቀና በል እንጂ፤ መሬት ላይ ምን ጥለህ ነው?» ይሉኛል። ጥበቃዎቹ ይስቃሉ። አንገቴን እንደደፋሁ ክዳኑን ዘግቼ ቶሎ እወጣለሁ። እንደሚባረሩ ስሰማ ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ያው ደስታ ከበደኝ። ውኃውን በዓይኔ አላየሁትማ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁለት ክሊኒክ ይቀረኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃ መኖር አለመኖሩን ራሴ ማየት አለብኝ አልኩና፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

ከመጀመሪያው ክሊኒክ ሳጥኔን ጭኜ ወደ ሁለተኛው ስሄድ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሁለቴ ሳለችና ጠፋች። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና ክላክሱን አንባረቀው። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ አዲስ ናት ወይስ አዲስ ቀለም?» ብሎኝ አለፈ።

ወደ ዳር ገፋኋት። ሳጥኑን አውርጄ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። መካኒኩ ሲሠራ ቆሜ ያየሁትን አንድ በአንድ አስታወስኩ።

እሳት ከምትረጨው ካንዴላዋ ጀመርኩ። ፈትቼ ከብረቷ ጋር አስጠግቼ ስረግጥ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። እሳት አላት ማለት ነው። ጫፏ ግን ደረቅ ነው፤ ቤንዚን አልደረሳትም። ቀጥዬ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የሚያወርደውን ቀጭን ቱቦ ነቀልኩና ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኩ። መውረድ ሲገባው ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ። የመጣችውን ጥቂት ወደ ፀሐይ አንስቼ አየኋት። ውኃ ቢኖርባት ከሥር ተለይቶ ይተኛ ነበር። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ናት።

ውኃ የለም። ሰውዬው አልሰረቁም።

ታዲያ ቤንዚኑ ለምን አይወርድም? አልቆ ይሆን ብዬ ክዳኑን ልከፍት የልብሷን አዝራር ፈታሁ።

ሞተሯ ልብስ አላት። ታላቅ እህቴ የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። ሞተሯን በተረከብኩ ቀን «ወንድሜን ሰው አምኖ አዲስ ነገር ሰጠው!» ብላ፣ ከሥራ ከተረፋት ወፍራም ሌዘር፣ ውስጡን ስፖንጅ አድርጋ፣ ቤንዚን ለሚይዘው ሰልባትዮ ልክክ የሚል ልብስ ሰፋችለት። ክዳኑ ሳይቀር አቧራ እንዳይነካው ብላ፣ በሁለት አዝራር ጥብቅ የሚል መሸፈኛ አበጀችለት። መካኒኩ መጀመሪያ ቀን ሲያያት «እቺን ደግሞ ማን ዳራት? በል ቬሎዋን አውልቅላት!» ብሎ ጋራዡን በሙሉ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ከመድረሴ በፊት ጥጉ ላይ ቆሜ አወልቅና ጃኬቴ ውስጥ እደብቀዋለሁ። ስመለስ እዚያው ጥግ ላይ አለብሳታለሁ፤ እህቴ ራቁቷን ካየቻት ይከፋታላ።

ክዳኑን ዞር ሳደርገው ሲስስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። በዚያችው ቅጽበት ቤንዚኑ በተነቀለው ቱቦ ዥው ብሎ ጫማዬ ላይ ወረደ።

ዘልዬ የቤንዚኑን መዝጊያ አዞርኩና ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ክዳኑን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር የሚገባው በእሷ ነው። የእህቴ ሌዘር ደግሞ አፍ ላይ እንደተጫነ መዳፍ አፍኗታል። መካኒኩ ዘንድ ጤነኛ የምትሆነው እኔ እያወለቅኩላት ነው። በሽተኛውን ሐኪም ዘንድ እየወሰድኩ በሽታውን ጃኬቴ ውስጥ እደብቅ ኖሯል።

እርግጠኛ ልሁን ብዬ ክዳኑን ገጥሜ መሸፈኛውን ቆለፍኩና፣ መዝጊያውን ከፍቼ ቱቦውን ወደ ጠርሙሱ ለቀቅኩት። ወረደ፤ ቀጠነ፤ ጠብ ጠብ አለ፤ ቆመ። አዝራሩን ፈታሁ፤ መልሶ ወረደ። ደገምኩት። ያው ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ከመንገዱ ሥር ያለው ቦይ ነው። ልብሱን እዚያ ብወረውረው ማን ያያል? ሞተሯ ከዛሬ በኋላ አትጠፋም። ሰው ሁሉ «ንብረት ያዡ ሄዱ፣ ሞተሯም ዳነች» ይላል። ወረቀቱም እውነት ይመስላል። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይስቅብኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ልብሱን በእጄ ይዤ ወደ ቦዩ አየሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በረዶው እየቀለጠ መሆኑን ሳስታውስ ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩትና፣ ካንዴላዋንና ቱቦውን መልሼ ገጥሜ ረገጥኳት። ተነሳች። ሁለተኛውን ክሊኒክ አዳርሼ ስመለስ አንዴም አልሳለችም። ብትስል ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮው ገባሁ። ንብረት ያዡ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞራሉ። ሙሽራው አላሉኝም።

ኃላፊዋ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እዚህ ጋ ፈርም።»

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልብሷ... የሞተሯ ልብስ ነው... ቀዳዳዋን ዘግቶት...» ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ።

ኃላፊዋ ወደ ንብረት ያዡ ዞረች። «አስፈራርተውታል?»

«እኔ? ከጠዋት ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። እሱ እንደሆነ ዓይኑን ለማንም አሳይቶ አያውቅ።»

አልሳቀችም። «ስማኝ ልጄ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለሽማግሌ አዝነህ ከሆነ ይገባኛል። ግን ሁለት ሳጥን ደም ነው የደፋነው። ባለፈው ውኃ ነው አልክ፤ ዛሬ ልብስ ነው ትላለህ። የትኛውን ልመን?»

«ላሳያችሁ» አልኩ። «ግቢ ውስጥ። መካኒኩ ዘንድ የማትጠፋው ደብቄ ስለማወልቅላት ነው፤ ልብሷን ሳለብሳት ትጠፋለች።»

ግቢው መሃል አቆምኳት። ልብሷን ሳወጣ ጥበቃዎቹ ተጠቃቀሱ። መሸፈኛውን ቆለፍኩ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች፤ እኔም ረገጥኩ።

አምስት ደቂቃ። ሰባት። የላቦራቶሪው ሠራተኞች በመስኮት ብቅ ማለት ጀመሩ። አሥር። ሞተሯ እንደ ንብ ታንጎራጉራለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሞላ፤ አለፈም።

«አሥራ ሁለት ነበር ያልከው» አለች ኃላፊዋ።

«ስትሄድ ነው... ቆማ ስትሠራ ትንሽ ነው የምትጠጣው...»

«ነው እንዴ?»

አሥራ አምስት። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። የነዳጁን እጀታ ጠምዝዤ አስጮኽኳት። ጢሱ ግቢውን ሞላው። ከጥበቃዎቹ አንዱ «ሙሽሪት እንቢ አለች!» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ንብረት ያዡ ብቻ አልሳቁም። ቀስ ብለው ተጠጉኝና ጆሮዬ ላይ «የእኔው ቤንዚን ነው? የጠዋቱ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው አስጩኻት። አትልቀቃት።»

አሥራ ስምንት። ኃላፊዋ ወደ ቢሮዋ መራመድ ጀመረች። ሦስት እርምጃ ሄዳለች። ሞተሯ ሳለች። ኃላፊዋ ቆመች። ሞተሯ ደግማ ሳለችና ጸጥ አለች።

ረገጥኳት፤ የለችም። አሁንም ረገጥኩ፤ የለችም። ኃላፊዋን «ይምጡና ይስሙ» አልኳት። መጣች። አዝራሮቹን ፈትቼ ክዳኑን ዞር አደረግኩት። ሲስስስ አለ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ አየሁ። ጥቂት ቆይቼ ረገጥኩ፤ በሁለተኛው ተነሳች።

«ስለዚህ ሁለቱን ሳጥን ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያልተሰጠህን ነገር ገጥመህ። ከመካኒኩም ደብቀህ።»

«አዎ። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ቀደደችው። የተቀደደውን ኪሷ እየከተተች «ለአንድ ወር በእግርህና በታክሲ ትሠራለህ። ቁልፉን ለመጋዘን አስረክብ» ብላ ገባች። ንብረት ያዡን ይቅርታ አልጠየቀችም። እሳቸውም አልጠበቁም መሰለኝ፤ ኮፍያቸውን አድርገው ወደ መጋዘኑ አቀኑ።

ሞተሯን እየገፋሁ ተከተልኳቸው። ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ሳቆማት መነጽራቸውን አወጡ።

«እስቲ ቀዳዳዋን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። አጎንብሰው ብዙ አዩዋት። በጥፍራቸው ነካ አደረጓት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ በዚህች ልባረር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ ቀና አሉ። «አንተ፣ ‹ውኃ ነው› ሲሉህ ምናለ መጥተህ ብትጠይቀኝ? በርሜሉን አብረን እናየው አልነበር?»

«ፈራሁዎት።»

«እኔን? ምን አደረግኩህ?»

መሬት መሬት ማየት አማረኝ፤ ግን አላየሁም። «ሰው ፊት ይስቁብኛል።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ቁልፉን ተቀብለው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

«ነገ ሳጥኑን በምን ልትሸከመው ነው?»

«በእጄ።»

«በረዶ ሲሞላ በእጅ አይሆንም» አሉና መሰላል ላይ ወጡ። ከላይኛው መደርደሪያ ሰፊ የትከሻ ማንገቻ አወረዱ፤ አቧራውን አራገፉ፤ ትከሻዬ ላይ አድርገው እስከ ወገቤ ለኩት።

«በጣም አታጥብቀው፣ ሥጋ ይቆርጣል» አሉኝ። «ስትመልሰው ደግሞ አጥበህ ነው።»