ያልተቆጠሩት

አቶ ዊትኮምብ እንደሚሉት፣ ከሃሎዌል ኮሌጅ ለሕክምና ትምህርት ቤት ከሚያመለክቱ አሥር ልጆች ዘጠኙ ያልፋሉ። የኮሪን የአክስት ልጅ ማርላ እንደምትለው ደግሞ፣ ሐኪም እንሆናለን ብለው በሃሎዌል አብረዋት ከጀመሩት ውስጥ ዛሬ ሐኪም የሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኮሪን ሁለቱንም ታምናለች። አቶ ዊትኮምብ የኮሌጁ የቅበላ ኃላፊ ናቸው፤ ሰው ዓይን ዓይን እያዩ ረጋ ብለው ይናገራሉ። ማርላም ብትሆን እንኳን ውሸት ቀልድም አይዋጣላትም።

እስከ ፋሲካ ድረስ ግን ኮሪን የምታውቀው የአቶ ዊትኮምብን ብቻ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የአራት ዓመት ኮሌጅ መጨረስ አለባት። ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ሃሎዌል ነው፤ ኮረብታ ላይ ያለ፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ የሚጠራበት ትንሽ ኮሌጅ። ሁለተኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የኬሚስትሪ አዳራሹ ሲኒማ ቤት የሚያክል፣ ተማሪው እንደ ገበያ ሰው የሚተራመስበት።

አባቷ ጌሪት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ውስጥ አሳማ አርቢ ነው። የመንደሩ አባቶች የኮሌጅ ስም ያለበት ተለጣፊ መኪናቸው ላይ የሚለጥፉት ልጁ የት እንደሚገባ ቁርጡን ከተናገረ በኋላ ነው። ጌሪት ግን አላስቻለውም። የሃሎዌል መልስ የመጣ ሰሞን ተለጣፊውን የፒክአፑ የኋላ መስታወት ላይ ለጥፎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቆመው። ከዚያ ወዲያ ያገኛት ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይላታል።

በፋሲካ ምሳ ላይ፣ የአሳማው ጭንና ድንቹ እየዞረ ሳለ፣ ጌሪት ወደ ማርላ ዞረ።

"እስቲ አንቺ ስለ ሃሎዌል ንገሪያት። እኔ ሳወራላት አሳማ የምሸጥላት ይመስላታል።"

ማርላ የጎረቤት ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ሐኪም ልትሆን ገብታ፣ ሐሳቧን ቀይራ አስተማሪ እንደሆነች ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሹካዋን አስቀመጠች።

"አጎቴ፣ እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም" አለች። "እንዳላመለክት አደረጉኝ።"

ከዚያ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነገሩን አስረዳች። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ የኮሌጁ መምህራን በኮሚቴ ይቀመጣሉ። ያልፋል ብለው ላመኑበት ልጅ ድጋፋቸውን ይጽፉለታል፤ ለተጠራጠሩት አይጽፉም። ማመልከት በሕግ አይከለከልም፤ ግን የገዛ ኮሌጁ ያልደገፈውን ልጅ የትኛው ሕክምና ትምህርት ቤት ይቀበላል? ስለዚህ ልጁ ሳያመለክት ይቀራል። ከአሥሩም ውስጥ አይገባም።

ኮሪን ክው ብላ ቀረች። ጌሪት የድንቹን ሳህን እንደያዘ ደረቀ። ከሁሉም የባሰባቸው ግን የማርላ እናት ነበሩ። ልጄ ሕፃናት ስለምትወድ ነው ሕክምናውን የተወችው እያሉ ለስንቱ ሰው ሲያወሩ ኖረዋል። የልጃቸውን ፊት እንደ እንግዳ ሰው ያዩት ጀመር።

ሰኞ ዕለት ኮሪን ኮሌጁ ደወለች። ውስጧ አቶ ዊትኮምብ እንዲክዱ ይመኝ ነበር። አልካዱም። ያልተዘጋጀ ልጅ አመልክቶ ከሚሰበር፣ በጊዜ እውነቱን ሰምቶ ሌላ መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል አሉ። የሚሉትን እንደሚያምኑበት ከድምፃቸው ያስታውቃል።

"ሐኪም እሆናለሁ ብለው ከሚጀምሩትስ ስንቱ ነው የሚያልፈው?" ስትል ጠየቀች።

"እነሱን አንቆጥራቸውም፣ ኮሪን። አላመለከቱማ" አሉ።

ስልኩን ዘጋች። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷት ቢሆን ይቀላት ነበር።

ማርላጋም ደወለች። ኮሚቴው ባይኖር ታልፊ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማርላ እንጃ አለች፤ ኬሚስትሪው አስቸግሯት ነበር፣ ላታልፍም ትችል ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ብዙ ልጅ የሚጥል፣ እጅሽን ይዞ የሚያነሳሽ የሌለበት ቦታ ነው አለቻት። "ብቻ" አለች፣ "እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።"

ለኮሌጆቹ ቁርጥ የሚነገርበት ቀን ዋዜማ ጌሪት ከአሳማዎቹ ቤት ሲወጣ፣ ልጁን ከፒክአፑ ኋላ አገኛት። የሞቀ ውኃ በባልዲ ይዛ የተለጣፊውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች። ተጠግቶ ቆመ። ሲናገር ተለማመጠ እንጂ አልተቆጣም።

"አንቺኮ ከዘጠኙ አንዷ ነሽ።"

"ማርላም እንደዚያ ነበር የመሰላት።"

"እዚያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስምሽን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም፣ ልጄ። ብትወድቂ ማን ያይሻል?"

ኮሪን ጨርቁን ውኃው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው።

"ልወድቅ እችላለሁ፣ አባዬ። ግን አመልክቼ ልውደቅ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ነው የምገባው።"