አባቴ ያነበበው የፍትሐ ብሔር ሕግ

አባቴ ኩማ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተሬ ሲሰማ ተቆጣ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «ሽማግሌ ነው።»

«አንተ ነህ አባ። ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ እንግዳ ይሆንበታል።»

«አማርኛዬ ይሄን ያህል ይሰባበራል?»

እህቴ ሐዳሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «እኔ የማውቀው ይሄንኑ ድምፅ ነው። ቀጥል።»

ሐዳሳ ዓይኗን ያጣችው በሕፃንነቷ ኩፍኝ ይዟት ነው። በ1998 ዓ.ም. ፈተናውን አልፋ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ልትማር ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን በብሬል ፈልጋ አጣች። የሚያነቡላት ጓደኞቿም የራሳቸው ፈተና ሲደርስ ጊዜ አይኖራቸውም። እኔ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለምሠራ ቀን ቀን የለሁም፤ እናቴም ሥራ ትውላለች። ቤት የሚውለው ጉልበቱን ታሞ ከሚኒባስ ሾፌርነት የወጣው አባታችን ብቻ ነበር። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ አፉን የፈታውም በሲዳምኛ ነው።

«አነባለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ያገለገለ ኮምፒውተር ነበረኝ፣ ማይክራፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫም ገዛሁ። የኮምፒውተሩ ድምፅ መቅጃ አንድ ደቂቃ ሲሞላ በራሱ ይቆማል፤ እንዲቀጥል እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ይህን ነግሬው ወደ ሥራ ሄድኩ። እሱ ግን ንባቡ ወስዶት ረሳው፤ ማታ ስመለስ ስለ ውርስ ያለውን በሙሉ ለባዶ ክፍል አንብቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ አገኘሁት።

«የቱ ጋ ነው የቆመው?» አለኝ።

«መጀመሪያው ላይ።»

መነጽሩን ጠራረገና ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ።

መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ባጃጆች በራችን ላይ ጡሩምባ እንዳይነፉ ወጥቶ ለመነ፤ የድሮ የሙያ ባልደረባቸው ስለሆነ እሺ አሉት። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ላይ ያልተቀመጠው ቅጂ ይጠፋል፤ እሱ ግን መብራቱ እስኪመጣ ቀጣዩን ገጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለማመዳል። ሐዳሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ደግሞ ጥያቄ ይዞ ይጠብቃታል።

«ይርጋ ምንድን ነው?»

«ክስ ሳይቀርብ ብዙ ጊዜ ከቆየ መብቱ ይቀራል ማለት ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ያን አንቀጽ ደግሜ ላንብበው። ሳይገባኝ ነው ያነበብኩት፣ ያስታውቃል።»

እኔ ቅጂውን በሲዲ እገለብጥላታለሁ፤ እሷ ዶርም ውስጥ በጓደኛዋ ኮምፒውተር ታዳምጣለች። ለሌላ ሰው ስለማካፈሏ አልነገረችንም ነበር።

አንድ ረቡዕ ሲዲውን ራሱ ሊያደርስላት ሄደ። ግቢው በር ላይ ቆሞ ጥበቃውን «የሕግ ተማሪዎች የት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነጭ ዘንግ የያዘ አንድ ወጣት አጠገቡ ቆመ።

«ይቅርታ አባቴ፣ አቶ ኩማ ነዎት?»

አባቴ ደነገጠ። «እኔን ከየት አወቅኸኝ?»

«በድምፅዎ ነዋ! ስምዎን ሐዳሳ ነግራናለች። ጉልላት እባላለሁ። ውርስን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እኛ ማየት የተሳነን ተማሪዎች ሁላችንም የምናጠናው እርስዎን እየሰማን ነው።» እጁን ፈልጎ ያዘና ትከሻውን ሳመው። «ሌላ ሰው ሲያነብልን ይቸኩላል። እርስዎ እንዲገባን አድርገው ነው የሚያነቡት።»

ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ «መምህር ነዎት እንዴ?» አለው።

«የለም» አለ አባቴ።

ጉልላት የሴቶቹ ዶርም በር ድረስ መርቶ ወሰደው። ሐዳሳ ወጥታ «አባቴ ነው» ብላ ለእያንዳንዱ ተማሪ አስተዋወቀችው፤ እነሱ ግን አስቀድመው ያውቁታል። በአክብሮት እየጠሩ፣ እየተቀባበሉ ሰላም አሉት። ሲመለስ የወንጀል ሕጉን በብብቱ ይዞ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የሰጡት።

ማታ እራት ላይ የጉልላትን ነገር ለእናቴ ነገራት፤ ጎረቤት ሲመጣም ደገመው፤ ለእኔ ሲነግረኝ ደግሞ ጥበቃው «ጋሽዬ» እንዳለው ጨመረበት።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍቼለት ማይክራፎኑን አፉ ጋ አስተካከልኩ። ገጹን ገለጠና ቀና አለ።

«አልአዛር፣ ስሜን ብናገር ነውር ነው?»

«ምን ነውር አለው!»

ሸሚዙን እስከ ላይ ቆለፈ።

«የወንጀል ሕግ» አለ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጎ። «አንባቢ፣ ኩማ። የሐዳሳ አባት። ከሐዋሳ።»